ከሚጢ በላይ ያለው መስመር

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ በስሟ የሚጠራት የአስተዳደር ክፍሉ ብቻ ነበር። ለሌሎቻችን እትዬ ግልባጭ ነበረች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያረጁ መዝገቦችን በአዲስ መዝገብ ላይ በእጇ ስትገለብጥ ኖራ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣች። እኔ የመዝገቦቹ ቁልፍ ያዥ ነኝ። ምድር ቤት፣ በብረት መደርደሪያዎች መሀል፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር ይዤ እውላለሁ። ወንበሩ እንዲጠገን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቴም «ይታያል» ተብሎ ተመልሶልኛል። እኔም እንደ ወንበሩ ይታያል ተብዬ የቀረሁ ሰው ስለሆንኩ እዚህ ታሪክ ውስጥ ጀግና አትፈልጉ።

የእጅ ጽሕፈቷ ነገር መነገር አለበት። እንደሷ የሚጽፍ ሰው አላየሁም። ፊደሎቿ እኩል፣ ቀጥ ያሉ፣ የማይገፋፉ ናቸው። ስርዝ ድልዝ አታውቅም። ከበላይ ጎብኚ በመጣ ቁጥር የእሷን መዝገብ ገልጠን እናሳያለን፣ የሌሎቹን ከኋላ እንደብቃለን። ባለጉዳይም የእሷን ገጽ ሲያይ ልቡ ያርፋል። እንዲህ ያማረ ነገር ውስጥ ስህተት ይኖራል ብሎ የሚጠረጥር የለም። እኔም አልጠረጠርኩም ብል ደስ ባለኝ።

የዘር ሐረጉን ሊያፈላልግ የሚመጣውን ሰው የምታስተናግደውም እሷ ነበረች። መስኮቱ ላይ የምትለውን በቃሌ ይዤዋለሁ። «ከራስዎ ይጀምሩ። ከዚያ እናትና አባት፣ ከዚያ አያቶች። ያወቁትን ለብቻ፣ የገመቱትን ለብቻ ይጻፉ፣ ሁለቱን አይቀላቅሉ። በዕድሜ የገፋውን ዘመድ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይጠይቁ። የፎቶዎቹንም ጀርባ ይዩ። እኛ ጋ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።» ሰውየው አመስግኗት ሲሄድ ወደኔ ዞር ትልና «ሥራ የፈታ ሁሉ ሙታን ሲቆጥር ይውላል» ትለኛለች። እኔም እስቃለሁ። ለራሷ አንድም ቀን አልጀመረችም። እናቷ ስለ ልጅነታቸው ሲጠየቁ «ምኑን አስታወስኩት» ይሉ ነበርና እናትና ልጅ በዚያው ተስማምተው ኖሩ።

እናቷን እማማ ነው የምንላቸው። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ካቻምና ነገር መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የትናንቱ ጠፋቸው፣ ቀጥሎ ያምናው፣ ከዚያ የሟች ባላቸው ስም። ይኼ ሁሉ ተራግፎ ሲያልቅ ከሥሩ ማንም የማያውቀው ነገር ብቅ አለ። አንድ ቀን ጠዋት ልጃቸው ፀጉራቸውን ስታበጥር «ሚጢስ በላች?» አሏት።

«ሚጢ ማናት እማዬ?»

«እህቴ ናታ። ምን ነካሽ አንቺ?»

እትዬ ግልባጭ ማበጠሪያውን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። እናቷ ብቸኛ ልጅ መሆናቸውን ነው የምታውቀው። ስድሳ ዓመት ሙሉ አክስት የሚባል ኖሯት አያውቅም።

ጡረታዋን ጀምራ ምን ልሥራ እያለች ቤቱን በቀን ሦስቴ የምትጠርግ ሴት ነበረች። አሁን ሥራ አገኘች። የአንድ ደብተር ገጽ ለሁለት ከፍላ በቀኝ የታወቀውን፣ በግራ የተገመተውን መጻፍ ጀመረች። እናቷን በየጠዋቱ ጥቂት ጥቂት ትጠይቃለች። እማማ ሲደክማቸው ትተዋለች፣ ሲመለስላቸው ትቀጥላለች። እንዲህ እንዲህ እያለች በሁለት ወር ውስጥ ነገሩን አወጣችው። እናታቸው ሲሞቱ ሁለቱን እህትማማቾች ጎረቤት ወስዶ ለሕፃናት ማሳደጊያ ሰጣቸው። እማማ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ሚጢ ሦስት።

«ልብስ ማጠቢያው ጋ ነበርኩ» አሉ እማማ። «ስመለስ አልጋዋ ተነጥፏል። እሜቴን ብጠይቃቸው ሰው ወሰዳት፣ ደህና ሰው ነው አሉኝ።»

እሜቴ ማለት የማሳደጊያው ኃላፊ ናቸው። ደህናው ሰው ማን እንደሆነ ግን ለአንዲት የስምንት ዓመት ልጅ የሚነግር አልነበረም። እማማ አድገው ከማሳደጊያው ሲወጡ ስማቸውን ቀየሩ። ያደጉበትንም ለባላቸው እንኳ ሳይነግሩ ሆድ ይፍጀው ብለው ኖሩ። አሁን ግን መቀርቀሪያው ላላና በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፤ ሚጢ የት ደረሰች? እትዬ ግልባጭም እናቷ ከማለፋቸው በፊት ይቺን አንዲት ጥያቄ ልመልስላቸው ብላ ቆርጣ ተነሣች። ሌላ የፈለገችው ነገር የለም።

አንድ ማክሰኞ ቅጹን ሞልታ ምድር ቤት ድረስ መጣች።

«መስኮቱ ላይ ነው፣ ይሰለፉ እናቴ» አልኳት ልቀልድባት።

«ዝም ብለህ አምጣልኝ አንተ ሰውዬ። የማሳደጊያውን መዝገብ ነው የምፈልገው።»

ማሳደጊያው ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ መዝገቦቹ ወደኛ ተዛውረዋል። ከመደርደሪያው ላይ ሳወርደው ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር አየሁና የትኛው እንደሆነ አወቅሁ።

ስለ ድልድይ መናገር ያለብኝ እዚህ ላይ ነው። የማሳደጊያው መዝገቦች ሲመጡልን ርሰው ነበር። ባዶ የቀረው ሕንፃ ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ የገጾቹን ቀኝ ግማሽ አጥቦታል። ልጁ ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደገባ ይነበባል፤ ማን እንደወሰደው የሚለው ብዙ ቦታ ላይ ሰማያዊ እድፍ ብቻ ነው። የያኔው ኃላፊያችን ደግሞ ባዶ ቦታ ያለበትን ግልባጭ አልፈርምም የሚል ሰው ነበር። «ባዶ ካለ ሥራው አላለቀም» ይላል፤ ሥራ ካላለቀ ደግሞ የሚጮኸው በእኛ ላይ ነው። ስለዚህ ክፍላችን አንድ ልማድ አበጀ። አልነበብ ያለ ቦታ ሲያጋጥም ከላይ ካለው መስመር ላይ ያለው ወደ ታች ይወርዳል። ከላይ «ነጋዴ» ካለ ከታችም ነጋዴ ነው። ይኼንን ድልድይ እንለው ነበር። «ዛሬ ስንት ድልድይ ሠራሽ?» እየተባባልን እንሳሳቅ ነበር። የእነዚህን ልጆች መዝገብ ማን መጥቶ ሊጠይቅ ነው ብለን ነው። ግልባጩ ሲያልቅ የራሰው መዝገብ ተቀዳዶ ተወገደ። ተመሳክሮ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል ብለው የፈረሙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ገልባጯና ቁልፍ ያዡ።

መዝገቡን ፊቷ ስዘረጋው እትዬ ግልባጭ ሳቀች። «እይ፣ የኔ ጽሕፈት እኮ ነው» አለች። ድልድዩ ትዝ አላላትም። ስንት ሺህ መስመር የጻፈች ሴት አንዱን ለይታ ልታስታውስ አትችልም፤ ያኔም የእናቷን የቀድሞ ስም አታውቅም ነበርና በገዛ እናቷ ስም ላይ ብዕሯን አሳልፋ ገጹን ገልጣለች። ጣቷን እያወረደች ፈለገች። አንድ ወንድ ልጅ፣ ቀጥሎ ሚጢ፣ ቀጥሎ እማማ። ከሚጢ ስም ትይዩ ወሳጁ ተጽፏል፤ የወሰዳት አናጢ ነው፣ ሙሉ ስሙ፣ ሰፈሩ፣ የወሰደበት ቀን።

«አገኘኋት» አለች። ጣቷን ከመስመሩ ላይ አላነሣችም። «አየህ፣ በኔ እጅ ነው ያለፈችው። እኔው ነኝ ጠብቄ ያኖርኳት።»

እኔ ከትከሻዋ በላይ ቆሜ ነበር። ከሚጢ በላይ ያለው ወንድ ልጅም ያው አናጢ፣ ያው ሰፈር፣ ያው ቀን ነው። አየሁ። ሁለት ልጅ አንድ ላይ የሚወስድ ሰው አይጠፋም ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። እውነቱን ልናገርና ያን ያህል አልሞከርኩም። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ ደግሞም ፊርማዬ ነው። «እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት። በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ የሚያሳፍረኝ ይኼ ነው።

ከዚያ ሦስት ሳምንት አናጢውን ፍለጋ እግሯ እስኪቀጥን ዞረች። ሰፈሩ ፈርሶ እንደገና ተሠርቷል። የመጋዝ ድምፅ የነበረበት ቦታ ላይ መነጽር ቤት አለ። ከአንዱ ሽማግሌ ወደ ሌላው ስትላክ፣ በመጨረሻ አንድ ጡረተኛ ቀለም ቀቢ አናጢውን እንደሚያውቅ፣ ሰውየው ከሞተ ብዙ ዘመን እንደሆነው፣ ሴት ልጁ ግን በሕይወት እንዳለች ነገራት። አድራሻም ጻፈላት።

እቤት ለእማማ ነገረች። ይኼንን ባላደረገች እላለሁ፣ ግን ማን ሆኜ። «እማዬ፣ ሚጢን የወሰዳት አናጢ ነው» አለቻቸው።

እማማ የተቀመጡበትን አልጋ ጠርዝ ዳበሱ። «አናጢ ከሆነ አልጋ ይሠራላታል» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውነታቸው ተለወጠ። ምግብ ጨርሰው መብላት ጀመሩ። ልጃቸው የአናጢውን ሴት ልጅ ልታይ የምትሄድበት ቀን ሲደርስ ደህና ቀሚሳቸውን አልብሱኝ አሉ፤ ነጠላ ጫማቸው ይቅርና ሽፍን ጫማ ይደረግልኝ አሉ። መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንዲት ጎረቤት አብራቸው ልትቆይ መጣች።

የአናጢው ልጅ ሰባ ምናምን ዓመት የሆናት፣ ዓይነ ግቡ፣ ለእንግዳ የምትሯሯጥ ሴት ናት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። እትዬ ግልባጭ ያመጣትን ስትነግራት ዓይኗ እንባ ሞላ። «እውነት ነው፣ አባቴ ከማሳደጊያ ልጅ አምጥቶ አሳድጓል» አለች። ተነሥታም ከግድግዳው ላይ ፎቶ አወረደች። ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ወንድ ልጅ ነው። «ይኸውልሽ ወንድሜ። አሁን የለም፣ ሄደብኝ።»

«ሴቷስ?» አለች እትዬ ግልባጭ።

«የቷ ሴት?»

«አብራው የመጣችው። ሦስት ዓመቷ ነበር።»

«የኔ እናት፣ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን። አንድ ክፍል ቤት ነበር እኮ፤ እሱንም አባቴ ያመጣው የወንድሙ ልጅ ስለሆነ ነው።» እንዳታዝንባት ብላ ደግሞ ፎቶውን ገልብጣ አሳየቻት። ጀርባው ላይ በእርሳስ ልጁ የመጣበት ቀን ተጽፏል። መዝገቡ ላይ ከሚጢ ስም ትይዩ ያለው ቀን ነው።

እትዬ ግልባጭ የቀረበላትን ሻይ ሳትነካ ተነሣች። ይቅርታ ጠይቃ፣ ደረጃውን ወርዳ፣ በቀጥታ እኔ ጋ መጣች። ከሰዓት በኋላ ነው። ስትገባ ፊቷን አይቼ መዝገቡን ሳትጠይቀኝ አወጣሁት።

ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን ሳይሆን ፊደል በፊደል አየቻቸው። ሁለቱም አምረዋል። የላይኛው ከራሰው ገጽ የተነበበ ነው፣ የታችኛው ከላይኛው የተቀዳ። በጽሕፈት የሚለያቸው ምንም የለም።

«ድልድይ ነው» አለች።

«አዎ።»

«ያን ዕለት አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ዋናው መዝገብ የት አለ ብላ ጠየቀችኝ፣ መልሱን እያወቀች። የማስወገጃውን ቃለ ጉባኤ አውጥቼ አሳየኋት። የእሷ ፊርማ ከላይ፣ የኔ ከታች። ከዚያ ቁጭ ብላ ያን አንድ መዝገብ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ተመለከተች። ተመሳሳይ ወሳጅ ተከታትሎ ሲያጋጥማት በጣቷ ጠረጴዛውን መታ ታደርጋለች። አንድ ገጽ ላይ አንድ ገበሬ ሰባት ልጅ ወስዷል። አርባ ላይ ስትደርስ መታ ማድረጉን ተወችው።

«ያ ሰውዬስ?» አለችኝ። «አቅፎኝ ያለቀሰው። አጎቴን አገኘሁ ብሎ ፎቶ ይዞ የመጣው።»

አስታወስኩት፤ ያጣራውም ከዚሁ መዝገብ ነበር። ያ ሰው መስኮቷ ላይ በደስታ ሲያለቅስ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ አጨብጭቧል። አጎት ነው ብሎ ያገኘው ማንን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። አሁን ሄደን ብንነግረው ምን እናተርፍለታለን? ባንነግረውስ? ሁለቱንም እያሰብኩ ቁልፉን በእጄ አገላብጣለሁ።

ብቻዋን ልለቃት አልቻልኩም፤ ምድር ቤቱን ቆልፌ አብሬያት ወጣሁ። መንገድ ላይ ለመንኳት። «ለእማማ አንድ ነገር በያቸው። ደህና ኖራለች፣ ወልዳ ከብዳ በእርጅና ሞታለች በያቸው። ማን ይጎዳል?»

«አርባ ጊዜ ብያለሁ እኮ» አለችኝ። 

እማማ ከጠዋት ጀምረው ከወንበሩ አልተነሡም። ጎረቤቲቱ ስታየን በዓይኗ ጠየቀችን፤ መልሱን ከፊታችን አንብባ ቀስ ብላ ወጣች። እማማ ከኋላችን ሌላ ሰው ይገባ እንደሆነ በሩን ያያሉ። እትዬ ግልባጭ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። ሁለት እጃቸውን ያዘች።

«እማዬ፣ ሚጢን አላገኘኋትም። ማን እንደወሰዳት የሚነግረን ወረቀት ነበር፣ አሁን የለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የሌላ ሰው ስም ጻፍኩበት። እኔ ነኝ እማዬ። ይቅር በይኝ።»

እማማ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት። ምን እንደገባቸው፣ ምን እንዳልገባቸው አላውቅም። ቀስ ብለው እጃቸውን ከእጇ አወጡ። የወንበሩን ክንድ ተደግፈው ተነሡና ቆሙ። በእርጅና የጎበጠው ጀርባቸው ቀጥ አለ፣ እጃቸውን ፊት ለፊት አጣምረው አንገታቸውን ደፉ። ልጅ ትልቅ ሰው ፊት እንደሚቆመው ነው የቆሙት።

«እሜቴ» አሉ። «እንግዲያው እኔንም ለዚያው ሰው ይስጡኝ። ልብስ ማጠብ እችላለሁ።»

«እማዬ፣ ልጅሽ ነኝ።»

«እሺ እሜቴ። ብዙም አልበላም።»

እኔ እዚያ ቆሜ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ እንደተንበረከከች ቀረች።

ይኼ ከሆነ አምስት ወር አልፏል። የቀድሞው ኃላፊያችን ሞቷል፤ ለአሁኑ ስለ ድልድዩ ጽፌ ሰጥቼ «ይታያል» ብሎ መልሶልኛል። እማማ ሚጢን መጠየቅ ትተዋል። ልጃቸውንም ከዚያን ቀን ወዲህ ልጄ ብለው ጠርተዋት አያውቁም። ስትገባ ከተቀመጡበት ይነሡላታል። እሑድ እሑድ እሄዳለሁ፤ ቤቱ ፀጥ ያለ ነው። ባለፈውም እሑድ በምሳ ሰዓት ደረስኩ። እማማ ከስተው ጉንጫቸው ገብቷል፤ ሐኪሙ ሆዳቸው ደህና ነው ብሏል። ልጃቸው ሳህኑን ይዛ አጠገባቸው ተቀምጣ ትለምናቸዋለች። እሳቸው ሦስት ጊዜ ብቻ ይጎርሱና፣ ዓይናቸው ምግቡ ላይ እንዳለ፣ በትሕትና ሳህኑን ወደሷ ይገፉታል።

«ይበቃኛል እሜቴ» ይላሉ። «ብዙ አልበላም ብዬዎት የለ።»